የስምንቱ እሁዶች ዜሮ

እህቴን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ችኩሌ ይላታል። ስሙን ያወጣላት የእናታችን ወንድም ነው፤ በዘጠኝ ወሯ፣ ገና በቅጡ ሳትድህ፣ ወንበር ይዛ ልትቆም ስትፍጨረጨር አይቶ። ቆመችም፤ ወዲያው በግንባሯ ተደፋች። ጠባሳው እስከ ዛሬ ከቅንድቧ በላይ አለ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ። እኛ ቤት ግን የምታፈሰው እሷ ናት፣ የምለቅመው እኔ ነኝ። ለወቀሳ አይደለም፤ ለምጄዋለሁ።

እናታችን ስትሞት እሷ አራት ዓመቷ ነበር፣ እኔ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። ደብተሬን አስቀምጬ ሰው ቤት ልብስ ማጠብ ጀመርኩ። እሷ አደገች፣ ተማረች፣ የኮምፒውተር ሥልጠናዋን ጨርሳ የምስክር ወረቀቷን ግድግዳ ላይ ሰቀለች፤ ሚስማሩን ስለቸኮለች አጣማ መታችው፣ ወረቀቱም እስከ ዛሬ እንደተንጋደደ ነው። እኔ በጤና ጣቢያው ጽዳት ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ይህ ነገር ሲመጣ እሷ እዚያው የመረጃ ጸሐፊ ሆና ከተቀጠረች አምስት ወር ከሃያ ቀን ሆኗት ነበር። የሙከራ ጊዜዋ ስድስት ወር ነው። አሥር ቀን ሲያልፍ ወይ የቋሚነት ደብዳቤ ይሰጧታል፣ ወይ አመስግነው ያሰናብቷታል።

መቀመጥ አይሆንላትም። ኮምፒውተሩ ላይ የምትጽፈው ቆማ፣ አንድ ጉልበቷን ወንበሩ ላይ አስደግፋ ነው። ሻይዋን ሳይበርድ ትጠጣና በየቀኑ ምላሷን ታቃጥላለች። በር ታንኳኳለች፣ ግን ይግቡ እስኪባል አትጠብቅም። ጥያቄህን ሳትጨርስ መልሱን ትሰጥሃለች። እኔ ቤት ውስጥ «ጨው አቀብዪኝ» ልል «ጨ…» ስል የወለል ጨርቅ በእጄ አለ።

በክትባት ክፍሉ ውስጥ አንድ ነጭ ፍሪጅ አለ፤ የሕፃናቱ ክትባት የሚቀመጠው እዚያ ነው። ደንቡ አጭር ነው፦ ከሁለት ዲግሪ መውረድ የለበትም፣ ከስምንትም መውጣት የለበትም። ሙቀት ያበላሸዋል፤ በረዶ ደግሞ የባሰ ነው፣ አንዴ ከቀዘቀዘ ቢቀልጥም ዋጋ የለውም። ይህን ያስተማሩኝ የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሕፃን ሲከትቡ ኖረው ጡረታ ሊወጡ ስምንት ወር ቀርቷቸዋል። ከሠራተኛው ሁሉ ቀድሜ የምገባው እኔ ስለሆንኩ ቴርሞሜትሩን ማንበብ አሳዩኝ። በፍሪጁ በር ላይ የሳምንቱ ወረቀት ተለጥፏል፤ ጠዋት ስገባ አንድ ቁጥር፣ ከሰዓት ስወጣ አንድ ቁጥር እጽፍበታለሁ። አራት። አምስት። አምስት። አራት ተኩል። ስድስተኛ ክፍል ለዚህ ይበቃል። እሁድ ጤና ጣቢያው ዝግ ነው፤ ከዘበኛው በቀር ሰው የለም። የእሁድ ሳጥኖች ባዶ ናቸው። ድሮም ባዶ ነበሩ፣ የጠየቀንም የለም።

ሰኞ ሰኞ ችኩሌ ያለፈውን ሳምንት ወረቀት ትነቅልና ቁጥሮቹን ኤክሴል በሚሉት የኮምፒውተር ሠንጠረዥ ገልብጣ ከነግራፉ ወደ በላይ መሥሪያ ቤት ትልካለች፤ ወረቀቱን መሳቢያዋ ውስጥ ትቆልፍበታለች። የመሳቢያው ቁልፍ በክር አንገቷ ላይ ነው የሚውለው፤ ኪሷ ከገባ ትጥለዋለች።

ከሁለት ወር ትንሽ ቀደም ብሎ ወደ በላይ መሥሪያ ቤት የላከችው ሌላ ሪፖርት ተመልሶባት ነበር። «ያልተሞሉ ሳጥኖች አሉ» ብለው። ያ የስንት ሕፃን ተከተበ ሪፖርት ነው። ስልክ ደውላ ስትጠይቅ፣ «ሕፃን ካልመጣ ዜሮ ይጻፋል እንጂ ባዶ አይተውም፤ ባዶ ሳጥን እንዳላይ» አሏት። ያን ቀን ፊቷ ቲማቲም መስሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባዶ ነገር ካየች ያቅበጠብጣታል። የቤታችንን ስኳር ዕቃ እንኳ ባዶ ሆኖ ካየችው ሌላ ነገር ትሞላበታለች።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከበላይ መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪ መጣ። ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው፤ ቢጮህ ይሻል ነበር። እኔ የክትባት ክፍሉን ወለል እየወለወልኩ ነው። ከቦርሳው አንድ የታተመ ግራፍ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። አንገቴን ሰገግ አድርጌ አየሁት። ሰማያዊ መስመር ነው። አራትና አምስት ላይ ስትሄድ፣ ስትሄድ፣ ድንገት ገደል ትገባለች። ትወጣና ደግሞ ትሄዳለች። ደግሞ ገደል።

«ሲስተር፣ ይሄ የእርስዎ ፍሪጅ ነው?»

«የመንግሥት ነው። የምጠብቀው እኔ ነኝ።»

«በሁለት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ዜሮ ገብቷል። አላዩም?»

ሲስተር መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። «ዜሮ? ልጄ፣ ይሄን ፍሪጅ ከባሌ የበለጠ ነው የማውቀው። ዜሮ ገብቶ አያውቅም።»

«ስለ ባልዎ አልጠየቅሁም፤» አለ ሰውየው፣ እንደዚያው ዝግ ብሎ። «ቁጥሩ የተላከው ከእናንተ ነው። እንደዚህ ከሆነ እዚህ ያለው ክትባት በሙሉ ይወገዳል። በሁለቱ ወር የተከተቡት ሕፃናት ተጠርተው እንደገና ይወጋሉ። እርስዎም ቃል ይሰጣሉ።»

የሲስተር እጅ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘ። ተቆጣጣሪው ቀኖቹን በጣቱ እየነካ ማንበብ ጀመረ፦ «አራት… አሥራ አንድ… አሥራ ስምንት… ሃያ አምስት…»

ሰባት፣ ሰባት እየዘለለ ነው። መወልወያዬ ቆመ። አራተኛው ቀን እሁድ ነበር፤ ቤት ብርድ ልብስ ያጠብኩበት ቀን ነው። አሥራ አንድም እሁድ ነው። እሁድ እኔ የለሁም። እኔ ካልጻፍኩ ያንን ዜሮ ማን ጻፈው? መልሱን ሳልፈልገው አወቅሁት።

ባልዲዬን ትቼ ወደ እሷ ክፍል ሄድኩ። እንደ ልማዷ ቆማ ትጽፋለች።

«አንቺ፣ የፍሪጁ ላይ እሁድ እሁድ…»

«ዜሮ፤» አለችኝ ሳልጨርስ።

«ለምን?»

«ባዶ ነበራ!»

«ባዶና ዜሮ አንድ ነው እንዴ?»

«ነው እንጂ እትዬ! እሁድ ሕፃን አልመጣም፣ ዜሮ። ባዶ ሳጥን እንዳናይ ያሉት እነሱ ናቸው። እኔ ከራሴ አላመጣሁት።»

«ፍሪጁ ሕፃን ነው?»

ዓይኗ ከኔ ወደ ኮምፒውተሩ፣ ከኮምፒውተሩ ወደ በሩ ሄደ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ስትቀመጥ ሳይ ነው የደነገጥኩት።

«ዜሮ ዲግሪ ማለት…» አለች።

«በረዶ ማለት ነው። ሲስተር ክትባት አስበላሽተዋል እየተባሉ ነው። ሂጂ ንገሪያቸው።»

«አሥር ቀን ነው የቀረኝ እትዬ። ያልተነበበ ቁጥር ፈጥራ ጻፈች ይሉኛል። ደብዳቤዬን ይቀድዱታል።» ክሩን አንገቷ ላይ ትጠመዝዘዋለች። «ነገ። ነገ እነግራቸዋለሁ።»

በሕይወቷ ሙሉ «አሁን» እንጂ «ነገ» የሚል ቃል ከአፏ ሰምቼ አላውቅም።

ብዙም ሳይቆይ ተቆጣጣሪው አስጠራት። በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት የትናንት ሰኞ ስለሆነ ያለፉትን ሳምንታት ወረቀቶች ፈለገ።

«መዝገብ ቤት ገብተዋል፤» አለች ችኩሌ። «ቁልፉን የያዘው ሰው ዛሬ የለም።»

ቁልፉ ከሸሚዟ ሥር ነው። እኔ መወልወያዬን ይዤ ሦስት እርምጃ ያህል ራቅ ብዬ ቆሜያለሁ። እኔም ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ሆዴ ውስጥ ግን ሲነቅዝ ይሰማኝ ነበር።

ያዳኑን ሲስተር ራሳቸው ናቸው። «ይናወጥ፤» አሉ። «ወረቀት ይዋሻል፣ ብልቃጥ አይዋሽም።» ነገሩ የቆየ የክትባት ሠራተኛ ዘዴ ነው። አንድ ብልቃጥ ሆን ተብሎ በረዶ ውስጥ ያድርና ይቀልጣል። ከዚያ እሱና የተጠረጠረው ብልቃጥ እኩል ተናውጠው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በረዶ የነካው ፍርፋሪ እየሆነ ቶሎ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ከላዩ ውሃ ይሆናል። ደህናው እንደደፈረሰ ይቆያል። ተቆጣጣሪው አሰበና እሺ አለ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዱን ብልቃጥ ራሱ ምልክት አድርጎበት የክፍሉ በረዶ ማዘጋጃ ፍሪዘር ውስጥ ከተተው። «ነገ ጠዋት እንገናኝ።»

ቤታችን አንድ ክፍል ነው። ከአልጋው እስከ በሩ አራት እርምጃ፣ ከበሩ እስከ መስኮቱ ሦስት። ያን ቀን ምሽት ችኩሌ ስንት ጊዜ እንደለካችው ፈጣሪ ይወቀው። የሥራ ካፖርቷን ተኮሰች፣ ሰቀለች፣ አወረደችና ደግሞ ተኮሰች።

«ጨርቁን ልታቃጥዪው ነው፤» አልኳት።

«ካልነገርኳቸውስ?» አለች። «እዪ እስቲ እትዬ። ብልቃጡ ደህና ነው፣ አይደል? ደህና ከሆነ ሲስተር ይድናሉ። እኔም እድናለሁ። ስለ ዜሮው ከጠየቁ የንባብ ስህተት ነው ብለው ይዘጉታል።»

«የሚያነበው ማን ሆነና?»

መተኮሻውን አቆመች። እንዳቆመች ቀረች። የተቃጠለ ጨርቅ ሽታ ሲመጣ እኔ ነኝ ተነስቼ ከእጇ የወሰድኩት። ክፉ ልሆንባት አልፈለግሁም፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያነበብኩት ቁጥር ግን የኔ ነው፣ ሌላ በስሜ የተጻፈ ነገር የለኝም። ካፖርቱ ደረቱ ላይ ቡናማ ምልክት ቀረበት።

በማግስቱ ጠዋት፣ በረዶ ያደረው ከቀለጠ በኋላ፣ ሁለቱ ብልቃጦች መስኮቱ አጠገብ፣ ነጭ ወረቀት ላይ ቆሙ። ሲስተር ሁለቱንም በአንድ እጃቸው ይዘው አናወጧቸው። ተቆጣጣሪው ሰዓቱን ፈታና ከብልቃጦቹ ጎን አስቀመጠው።

«ግማሽ ሰዓት፤» አለ።

ሰዓቱ ይቆጥራል። እኔ የተጠረገ መስታወት እጠርጋለሁ። ችኩሌ ሳታንኳኳ ገባች፣ ወጣች፣ ገባች።

«ልጄ፣ ወይ ግቢ ወይ ውጪ፤ ዝንብ እያስገባሽ ነው፤» አሏት ሲስተር።

ገባች። በአምስተኛው ደቂቃ ጎንበስ ብላ ብልቃጦቹን አየች። ሁለቱም አንድ ዓይነት ነጭ ናቸው። በስምንተኛው ደግሞ አየች። በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ክሩን ከአንገቷ መዝዛ ወጣች፤ ኮሪደሩ ላይ ስትሮጥ ሰማናት። ስትመለስ ወረቀቶቹን በሁለት እጇ ታቅፋለች።

ሃያ ደቂቃ ብትታገስ ኖሮ ብልቃጡ ራሱ ይናገር ነበር፤ እሷን የሚጠይቃትም ላይኖር ይችል ነበር። ግን ችኩሌ ናት።

«መዝገብ ቤት አልገቡም። ዋሽቼ ነው፤» አለች። «እኔ መሳቢያ ውስጥ ነበሩ። እሁዶቹ ባዶ ናቸው። ዜሮውን የሞላሁት እኔ ነኝ። እህቴ አይደለችም፣ ሲስተርም አይደሉም። ለሕፃናቱ ዜሮ ሙሉ ሲሉኝ ለፍሪጁም መሰለኝ። ጨረስኩ።»

ተቆጣጣሪው ስምንቱን ወረቀት አንድ በአንድ ገለጠ። የኔ ጠማማ ቁጥሮች አሉ፤ እሁድ ላይ ምንም የለም።

«ባዶ ነው ማለት ደህና ነበር ማለት አይደለም፤» አለ።

«ማንም አላየም ማለት ነው፤» አልኩ። ከአፌ ካመለጠ በኋላ ነው መናገሬን ያወቅሁት። «እሁድ እኔ አልገባም።»

ዞሮ አየኝ። የጽዳት ሠራተኛ እንደምትናገር ያላወቀ ይመስል ነበር። ከዚያ ወደ ሰዓቱ ተመለሰ።

በሃያኛው ደቂቃ በረዶ ያደረው ብልቃጥ ከላዩ መጥራት ጀመረ። በግማሽ ሰዓቱ ታችኛው ግማሽ ፍርፋሪ፣ ላይኛው ውሃ ሆነ። የእኛው እንደ ቀጭን ወተት ነጭ ብሎ ቆሟል። ሲስተር ሌሎች አራት ብልቃጦች ከፍሪጁ የተለያየ ጥግ አውጥተው ደገሙት፤ ያው ነው። ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና መነጽራቸውን አወለቁ።

«አንቺ ልጅ፤» አሉ፣ «የሠላሳ አንድ ዓመት ሥራዬን በአንድ ጣት ልታጠፊው ነበር እኮ።»

ችኩሌ እንባዋን በተቃጠለው ካፖርት ጠረገች።

«ነይ ተቀመጪ።»

«አልችልም ሲስተር።»

«አውቃለሁ፤» አሉ። ሳቃቸው ግን ገና አልመጣም፤ እስከ ሌላው ሳምንትም አልመጣም።

ተቆጣጣሪው ችኩሌን «ግራፉን እዚሁ ፊቴ አስተካክዪው» አላት። ሁላችንም ወደ እሷ ክፍል ገባን። የስምንቱን እሁድ ዜሮዎች ደመሰሰቻቸው፤ ሳጥኖቹ ባዶ ሆኑ። መስመሯ ግን እንደገና ስምንት ጊዜ ገደል ገባች።

«ምን ጉድ ነው!» ችኩሌ የኮምፒውተሩን ማውዝ ጠረጴዛው ላይ ደበደበችው።

«እሱ ምን አደረገሽ?» አልኳት።

ወዲህ ወዲያ ስትነካካ አገኘችው። ግራፉ ባዶ ሳጥን ሲያጋጥመው ምን እንደሚያደርግ የሚመረጥበት ቦታ አለው። ያኔ ሪፖርቱ የተመለሰባት ጊዜ ባዶውን ሁሉ እንደ ዜሮ አሳይ የሚለውን ራሷ መርጣው ኖሯል። ምርጫው ሦስት ነው፦ እንደ ዜሮ ማሳየት፣ ከጎንና ከጎን ያሉትን ነጥቦች በመስመር ማገናኘት፣ ወይም ክፍት መተው። ማገናኘትን ነካችው። መስመሯ ከቅዳሜ ወደ ሰኞ ተሻገረች፤ አንድም ጉድጓድ የለም፣ የተሰመረ መንገድ መሰለች።

«ይኸው!» አለች። «እንዴት አማረች!»

እውነትም አማረች። ሲስተር አጎንብሰው አዩ። ተቆጣጣሪውም ቦርሳውን መዝጋት ጀምሮ ነበር።

እኔ ደክሞኝ ነበር፤ ባልዲዬም ኮሪደር ላይ ቀርቷል። ግን ዓይኔ እሁድ ላይ ተተከለ። ቅዳሜ አምስት፣ ሰኞ አምስት፣ በመካከሉ መስመር።

«የእሁዱን ማን ያነበበው ነው?» አልኩ።

«ማንም። ኮምፒውተሩ ነው፤» አለች።

«መብራት ጠፍቶ ቢሆንስ ኖሮ?»

ጣቷ ማውዙ ላይ ቆመ። ተቆጣጣሪውን አየችው። ሰውየው፣ «ክፍት ከተውሽው በላይ ያሉት ይጠይቃሉ፤» አለ። «እሁድ ለምን አይነበብም ይላሉ። ለአንቺም ደብዳቤ ጥሩ አይሆንም።»

«ይጠይቁ፤» አለችና ሳይጨርስ ክፍት መተውን ነካችው። መስመሯ ስምንት ቦታ ተቆረጠች። እንደ ወላቃ ጥርስ አስቀያሚ ሆነች።

በአሥረኛው ቀን ደብዳቤዋ መጣ። ኮሪደሩ ላይ ቆማ ፖስታውን ከነደብዳቤው ቀደደችው፤ ሁለቱን ቁራጭ ገጣጥመን አነበብን። ቋሚ አላደረጓትም፣ አላባረሯትምም። የሙከራ ጊዜዋ በሦስት ወር ተራዝሟል፤ ያልተነበበ ቁጥር ለመሙላቷ ማስጠንቀቂያም ተጽፎባታል።

«ሦስት ወር!» አለች። «እስከዚያ አብዳለሁ።»

«ያበድሽው በዘጠኝ ወርሽ ነው፤» አልኳት።

ሌላም ደብዳቤ ነበረ፤ ለጤና ጣቢያው። በእሁድ ቀን የፍሪጁን ሙቀት የሚያነብ ሰው ይመደብ ይላል። ቤቷ የሚቀርብና ንባቡን የምታውቅ አንዲት ሠራተኛ ብቻ ስለተገኘች ምደባው አላከራከረም። በምትኩ የሥራ ቀን ዕረፍት ይሰጥሻል ብለውኛል፤ መቼ እንደሆነ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

በመጀመሪያው እሁድ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሩን ሳንኳኳ ዘበኛው ጋሼ በጠባቧ መስኮት አዩኝ።

«ምነው ልጄ፣ ቀኑ ተምታታብሽ?»

«አልተምታታብኝም ጋሼ። ሥራ ነው።»

«እሁድሽንም ወሰዱብሽ?»

«እኔው ነኝ አፌን ከፍቼ የሰጠኋቸው።»

የክትባት ክፍሉ ያለ ሰው ሌላ ቤት ይመስላል። ፍሪጁ ይዘምራል። ቴርሞሜትሩን ለማየት ጎንበስ ስል ስልኬ ጮኸ።

«ስንት ነው?»

«ገና አላየሁም…»

«አራት?»

«ቆይ እንጂ!»

«አምስት ነው አይደል? እትዬ? መልሽልኝ እንጂ፣ ስንት ነው?»

ስልኩን ፍሪጁ ላይ አስቀመጥኩት፤ እሷ እዚያ ሆና መጮኋን አላቋረጠችም። ቀስ ብዬ አነበብኩ። አምስት ተኩል ነው። ጻፍኩት። ከዚያ ነው ስልኩን አንስቼ የነገርኳት።

«ተኩል?» አለች። «ተኩሏ ምን ቤት ናት?» ስልኩን ዘጋችው።

የጠዋቱ ተሞላ። ከሰዓት ደግሞ ተመልሼ መምጣት አለብኝ፤ የከሰዓቱ ሳጥን ገና ባዶ ነው።